የጋሽ ማርሽ የፊት ጥርስ

የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ማርሽ» ብለው ሲጠሩት የሰማ እንግዳ ሁሉ ሰውየውን ሹፌር ያደርገው ነበር። እሱ ግን የመኪና ማርሽ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ስሙ የወጣለት በማዘጋጃ ቤቱ የማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ስለሚነፋ ነው። ገና ድምፁ ሳይጎረንን ገብቶ፣ እዚያው ጎልምሶ፣ እዚያው ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል። ድልድይ ሲመረቅ፣ ውድድር ሲከፈት፣ ትልቅ ሰው ሲቀበር፣ ከዚያ ሁሉ ናስና ከበሮ መሀል የሱን ድምፅ ለይቶ «ይሄ የኛ ሰፈሩ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩምባ እንጂ ጉራ የማይነፋ ሰው በመሆኑ፣ ሲያሞግሱት አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል።

ባለቤቱ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ስትወጣም ስትገባም የሳሙና ሽታ ስለማይለያት ሰፈሩ «እትዬ ሳሙና» ይላታል፤ እሷም አትቀየምም፤ «ከሌላ ሽታ ይሻላል» ብላ ትስቃለች። በረኪናው የእጆቿን ቆዳ ሰነጣጥቆታል። ልጅ አልወለዱም። ከመንገድ ጋር የምትገናኝ የፊት ክፍል ስላለቻቸው፣ እሷን ከፍታ የራሷን ልብስ ማጠቢያ ለመጀመር ካሰበች ዓመታት ሆኗታል። ሆቴሉ አሮጌውን ትልቅ ማጠቢያና መተኮሻ ሊሸጥ ነው፤ የክፍሏ ኃላፊ ለሷ ሊያስቀርላት ቃል ገብቷል። ለዚሁ ብላ ከጉርሻም ከደመወዝም እየቆነጠረች ስታጠራቅም ኖራለች። ጋሽ ማርሽም ለክፍሏ የሚሆን መደርደሪያ ሠርቶ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ ጨርሷል።

አደጋው የደረሰው የታደሰው ስታዲየም በተመረቀ ዕለት ነው። ባንዱ ቆሞ እየተጫወተ ሳለ አንድ ፎቶ አንሺ ባለሥልጣኖቹን በካሜራው ለማስገባት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲል ትከሻው የትራምፔቱን ጫፍ ገጨው። የመሣሪያው መንፊያ ተመልሶ የጋሽ ማርሽን የላይኛውን የፊት ጥርስ መታው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ። ፎቶ አንሺው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ጋሽ ማርሽ ዜማውን አላቋረጠም። ጥርሱን ነክሶ ጨረሰው እንዳይባል የተመታው ራሱ ጥርሱ ነው፤ ብቻ እንደምንም ብሎ ጨረሰው።

ከንፈሩ ቶሎ ዳነ። ጥርሱ ግን ውሎ ሲያድር መልኩ ይለወጥ ጀመር፤ መጀመሪያ ሻይ የነካው ወረቀት መሰለ፣ ቀጥሎ አመድ። ከዚያ ሕመሙ መጣ። የጥርስ ሕመም እንደ መጥፎ ጎረቤት ነው፤ ሰው ጎኑን ሊያሳርፍ ሲል ግድግዳ መደብደብ ይጀምራል። ጋሽ ማርሽ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ፣ ቅርንፉድ ያዘበት፣ ማስታገሻ ዋጠ። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሲበላ ባለቤቱ አየችው።

«ምነው እንደ ሽማግሌ ዳቦ መንከር ጀመርክ?» አለችው።

ጥርሱን ትንሽ እንደሚጠዘጥዘው ነገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላ እስኪሰለቸው ነዘነዘችው፤ በመጨረሻም ሥራ በሌለው ቀን ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄደ።

የጥርስ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ በተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ጉንጫቸውን በሻርፕ የጠመጠሙ፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ የደገፉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ማንም ማንንም አያናግርም፤ ለማውራት አፍ መክፈት ያስፈልጋላ። ከውስጥ የብረት ዕቃ ሲንኳኳ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ወደ በሩ ያያል። አንድ ሰው ተነስቶ «ውጭ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣና በዚያው ቀረ፤ ማንም አልፈረደበትም።

የጋሽ ማርሽ ተራ ሲደርስ ያየችው ሐኪም ዓይኖቿ ከድካም ብዛት የቀሉ፣ እጆቿ ግን የረጉ ሴት ነበረች። ጥርሱን በትንሽ መዶሻ ነካ ስታደርገው ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ራጅ አነሳችውና ፊልሙን ወደ መብራቱ አዞረችው። የጥርሱ ነርቭ መሞቱን፣ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል መቋጠሩን አሳየችው። ሁለት መንገድ እንዳለም ነገረችው። አንደኛው መንቀል ነው፤ ዛሬውኑ ይሆናል፣ ክፍያውም ለስሙ ያህል ነው። ሁለተኛው ሥሩን አጽድቶ፣ ሞልቶ፣ በላዩ ሽፋን አድርጎ ጥርሱን ማዳን ነው። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ማሽን ግን ተበላሽቶ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው፤ ቢሠራም ቀድመው የተመዘገቡት ብዙ ናቸውና ከመንፈቅ በፊት ተራ አይደርሰውም።

«አብዛኛው ሰው ነቅሎ ነው የሚሄደው» አለችው። «እርስዎስ ምን ይሻልዎታል? ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ትራምፔት ነፊ ነኝ። ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ነው» አለ፣ ሰው ለሥራው የሚለውን እንደዘበት ተናግሮ።

ሐኪሟ ጉጠቱ ከተቀመጠበት ሳህን አጠገብ እጇ እንዳለ ፈገግ አለች። ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። መንፊያው የሚያርፈው የትኛው ላይ እንደሆነ ጠየቀችው፤ በጣቱ አሳያት። ያ የታመመው ነበር። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄን ብነቅለው ሕመምዎን እገላግልዎታለሁ፤ እንጀራዎን ግን አብሬ እንዳልነቅለው እፈራለሁ» አለችው። የግል ክሊኒኮች በጥቂት ቀን እንደሚጨርሱት ነግራ የመድኃኒት ወረቀት ጻፈችለት። ዋጋውን ሲጠይቃት ፊልሙን ወደ ፖስታው እየመለሰች «እሱን እነሱ ይንገሩዎት» አለች።

በማግሥቱ ከልምምድ በኋላ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደ። በሩ መስታወት ነው፤ ሰው ሲጠጋው ራሱ ይከፈታል። ውስጡ ሲገባ የሚቀበለው ለስላሳ ሶፋ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ዓሣ የሚዋኝበት ገንዳ ነው። እዚህም ጉንጩን የያዘ ሰው ተቀምጧል፤ እዚህም ዝምታ አለ፤ ልዩነቱ ወንበሩ ብቻ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ዋጋውን ስትነግረው ድምፏ ማደንዘዣ የተቀባ ይመስል እጅግ ለስላሳ ነበር። ጋሽ ማርሽ የሰማውን ደግሞ ጠየቃት፤ ደግማ ያንኑ አለች። እትዬ ሳሙና ለማጠቢያው ያስቀመጠችው ገንዘብ ሁሉ ማለት ነበር፤ ለሽፋኑ ደግሞ ገና ይጨመርበታል።

ሊወጣ ሲል የውስጥ በር ተከፈተና የሆስፒታሏ ሐኪም በሌላ ጋውን ብቅ አለች። ሁለቱም የማይገባ ቦታ የተያዙ ያህል አፈሩ።

«ከሥራ ሰዓት ውጭ እዚህ እሠራለሁ» አለች እሷ ቀድማ።

«እና የሚሠሩልኝ እርስዎ ነዎት?»

«ከመጡ፣ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ማርሽ ጥቂት አሰበ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያው እጅ ከሆነ ዋጋው ምነው ሰማይ ነካ?»

አልተቆጣችም። «እጁ ያው ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚያ ግን ማሽን የለኝም። እዚህ ማሽን አለ፤ ማሽኑን ያመጡት ሰዎች ደግሞ ዋጋ አላቸው። እኔ ዋጋ አልቆርጥም። ቢቻለኝ እዚያው በሠራሁልዎ።» ከዚያ ምንም ቢሆን እንዳይዘገይ፣ መግል ያለበት ጥርስ ዝም ስላለ ዳነ ማለት እንዳልሆነ አስጠነቀቀችውና ወደሚጠብቃት ሰው ተመለሰች።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ምን እንዳሉት ጠየቀችው። ጋሽ ማርሽ በትዳራቸው ዘመን ያን ያህል ዋሽቷት አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን መድኃኒት እንዳዘዙለትና በሱ እንደሚድን ነገራት። መድኃኒቱ እውነት ነበርና አየችው፤ አመነችው። ያን ጊዜ እሷ የፊት ክፍሏን መስኮት በጋዜጣ እያሸች ታጸዳ ነበር። የሆቴሉ ማጠቢያ በዚያ በር መግባት አለመግባቱን አስለክታው፣ ለጥቂት እንደሚገባ ሲነግራት እንደ ልጃገረድ ነው የሳቀችው። ያን ሳቅ እያየ ስለ ዋጋው ማውራት አልሆነለትም።

መድኃኒቱ ሕመሙን ጋብ አደረገለት። እሱም በዚህ ፋታ መውጫ ይፈልግ ጀመር። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ክፍል ሄዶ ሕክምናው በመሥሪያ ቤቱ ይሸፈን እንደሆነ ጠየቀ። እዚያ ያለው ሰውዬ በትሕትና አስረዳው፤ የተነቀለ ጥርስ ወጪ ይሸፈናል፣ ጥርስ ለማዳን የሚወጣ ግን ለውበት እንደሚደረግ ስለሚቆጠር አይሸፈንም። ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ ቢናገርም፣ በዕለቱ ስላላስመዘገበ ጊዜው አልፎበታል። የባንዱ መሪ፣ ከጦሩ በጡረታ የወጡ ስለሆኑ ሁሉም «ሻለቃ» የሚሏቸው አዛውንት፣ ነገሩን ሰምተው የባንዱ ሰዎች ያዋጡለት እንደሆነ አማከሩት። ጋሽ ማርሽ እንዳያደርጉት እግራቸው ላይ ሊወድቅ ቃጣው፤ ግማሾቹ የቤት ኪራይ ያለባቸው ልጆች ናቸው፣ «ለሱ ጥርስ አዋጡ» ተብሎ ከሚወራብኝ ጥርሴ ይቅር አላቸው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይላሉ፤ እሱ ግን ገንዘቡ እቤቱ ቁጭ ብሎለት መንገዱን አጣ።

በመጨረሻ ሊያስነቅለው ወሰነ። ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ ካርዱን አወጣ፣ ተራውን ይዞ ተቀመጠ። ስሙ ሲጠራ ተነሳ፤ በሩ ድረስም ሄደ። እጁ እጀታው ላይ እያለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከንፈሩ የሚያውቃት ያቺ ከፍተኛዋ ድምፅ፣ በቀብር ላይ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቃት፣ ትዝ አለችው። «ሌላ ጊዜ» አለና ተመለሰ። እንዲህ ወይ ሳያድን ወይ ሳይነቅል፣ ነገ ዛሬ እያለ ክረምቱ ወጣ።

አንድ ጠዋት እትዬ ሳሙና ለሥራ ልትቀሰቅሰው ፊቱን ስታይ አላወቀችውም። የላይኛው ከንፈሩና ጉንጩ ተነፋፍተው አንድ ዓይኑን ከድነውታል። ሰውነቱ እንደ መተኮሻ ይፋጃል፤ ያናግራታል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ባለ ታክሲ ታናሽ ወንድሟን ጠራችውና ተሸክመው አስገቡት። ወንድሟ ቅርብ ነው ብሎ ወደዚያ መስታወት በር ወዳለው ክሊኒክ ነዳ። ዓሣዎቹ ገንዳቸው ውስጥ ይዋኛሉ። አንድ ወጣት ሐኪም ወጥቶ ፊቱን እንዳየ ራሱን ነቀነቀ። እብጠቱ ወደ ዓይኑ ወጥቷል፣ ትኩሳቱም በርትቷል፤ ይህ ተኝቶ የሚታከም እንጂ ወንበር ላይ የሚሠራ አይደለምና ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት አላቸው። ውሸት አልነበረም፤ እትዬ ሳሙና ግን የሚከፈተው በር ሲዘጋ ያየችበት ሁኔታ ብዙ ጊዜ ከልቧ አልወጣም።

የመንግሥት ሆስፒታሉ ወረፋ አላስጠበቃቸውም። ቀለሙ የተላላጠ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ አልጋ ላይ አስተኙትና ክንዱ ላይ መርፌ ሰክተው መድኃኒት ለቀቁበት። ያቺው ሐኪም ከምድር ቤቱ ተጠርታ መጣች። ማን እንደሆነ ያወቀችው ካርዱን አይታ ነው። እብጠቱን ቀደደችው፣ መግሉን አወጣችው፣ ጥርሱንም ነቀለችው። በዚያን ሰዓት ስለ ትራምፔት የጠየቀም የመለሰም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ እየወጣች እየገባች አየችው። ወደ ማምሻው ላይ ትኩሳቱ መውረድ ሲጀምር ኮሪደሩ ላይ ከእትዬ ሳሙና አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«የዛሬ ሥራዎን አስቀሩ አይደል?» አለቻት እትዬ ሳሙና፤ ሐኪሟ ማታ ሌላ ቦታ እንደምትሠራ ወንድሟ ከጥበቃው ሰምቶ ነግሯት ነበር።

«ይቆይ» አለች ሐኪሟ። ቀጥላ፣ ሚስቱ እንደምታውቅ እርግጠኛ ሆና፣ «ያኔ ክሊኒኩ ሲመጡ ቢሠራላቸው ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ነበር። ዋጋው ከብዷቸው ነው መሰለኝ የቀሩት» አለች።

እትዬ ሳሙና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ስንጥቆቹን ታይ ጀመር። ሐኪሟ የተናገረችው ነገር ቤቱ ያልደረሰ ወሬ መሆኑን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ሄደች።

ጋሽ ማርሽ መናገር እስኪችል ድረስ ባለቤቱ ፊቷን አላጠቆረችበትም። ሾርባ በማንኪያ አጠጣችው፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችለት፣ ከጎኑ ያለውን በሽተኛ ሳይቀር አገላበጠች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትራሱን ቀና አድርጎ ተደግፎ ሳለ፣ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች።

«ስንት ብለውህ ነበር?»

ነገራት።

«ያ እኮ ነበረን።»

«የማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ገንዘቡስ?»

«ያንቺ።»

«ታዲያ ማን ጠየቀኝ?» አለችው። ድምፏን ከፍ አላደረገችም። «ቢጨንቀኝ፣ ባመነታ፣ ክፉ ብሆንና ‹የለም፣ ማሽኔ ይበልጥብኛል› ብልህ እንኳ እኔ ነበርኩ የምለው። አንተ ግን ለብቻህ ጠየቅኸኝ፣ ለብቻህ መለስክልኝ። ደግ ሆንክልኝ ብለህ ይሆናል። ብትሞት እኮ ማሽኑ በዞረ ቁጥር የባሌን ሬሣ ሲያዞር ልሰማ ነበር።»

ጋሽ ማርሽ የተነቀለበትን ቦታ በምላሱ ነካ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ብዙ ነገር ሊላት ይችል ነበር፤ ሳቋን እንዳየ፣ መስኮቱን እንዴት እንደምታሽ፣ እጇን እንዴት እንደሚያይ። የወጣው ግን «ፈራሁ» የሚል ብቻ ነው። ምን እንደፈራ አልጠየቀችውም። እጁን ያዘች፤ ከጎኑ ያለው በሽተኛም የተኛ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲሻለው ስለ ጥርሱ ሊጠይቁ ወደ ክሊኒኩ የሄዱት አብረው ነው። እትዬ ሳሙና ገንዘቧን ለማውጣት ቆርጣ ነበር፤ በአጥንት ውስጥ ተተክሎ እንደ ተፈጥሮ የሚቆም ጥርስ እንዳለ ሰምታለች። ሐኪሟ አዲሱን ራጅ ዘርግታ እውነቱን ነገረቻቸው። መግሉ አጥንቱን በልቶታል፤ ለመትከል መጀመሪያ አጥንቱን መሙላት ያስፈልጋል፣ ዋጋው ደግሞ ከፊተኛው በእጥፍ ይበልጣል።

«ቢደረግስ፣ እንደ ድሮው ይነፋል?» አለች እትዬ ሳሙና።

«ይበላበታል፣ ይስቅበታል። መንፊያውን ችሎ ያን ከፍተኛ ድምፅ ያወጣል ብዬ ግን ቃል መግባት አልችልም። ገንዘባችሁን ተቀብዬ በኋላ ይህን ከምነግራችሁ አሁን ብነግራችሁ ይሻላል።»

ከክሊኒኩ ወጥተው መንገዱ ዳር አንድ ግንብ ላይ ተቀመጡና ተመካከሩ። በዚህ ጉዳይ ላይ በእውነት ሲመካከሩ የመጀመሪያቸው ነበር። እሷ ይሞከር አለች፤ እሱ ለምን እንደማይፈልግ፣ በመጨረሻ ላይሆን ለሚችል ነገር ሌላ ቀዶ ጥገና ማለፍ እንደሚያስፈራው፣ ሳያፍር ነገራት። አከራከረችው፣ ሰማችው፣ ደግማ አከራከረችው። ሲነሱ በሆስፒታሉ የሚሠራውን፣ ወልቆ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያደርግ ተስማሙ።

ጥርሱ ደረሰለት። ለዓይን ምንም አይልም፤ ዳቦ እንኳ ሳይነክር መብላት ጀመረ። የባንዱ መለማመጃ አዳራሽ ባዶ በሆነበት ሰዓት ሻለቃ ብቻቸውን ሊሰሙት ጠሩት። ትራምፔቱን አነሳ። ዝቅተኞቹን ድምፆች አወጣቸው፤ ሻለቃም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጥርሱ ከድዱ ላይ ተንቀሳቀሰ፣ ትንፋሹም እንደ ተበሳ ጎማ በጎን አመለጠው። ደገመ። በሦስተኛው ላይ ከንፈሩ ደማ። ሻለቃ ተነስተው መሣሪያውን ቀስ ብለው ከእጁ ወሰዱት።

«በቃህ ልጄ» አሉት። የጠጉሩን ሽበት እያዩ ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር።

መሣሪያውን ሣጥኑ ውስጥ አስተኙት። ከዚያ ሻለቃ፣ የቱባው ነፊ ጡረታ ሊወጣ መሆኑን ነገሩት። ቱባ ከናሶቹ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ዜማ አይመራም፣ ከሥር ሆኖ ይሸከማል። መንፊያው ሰፊ ስለሆነ ጥርስ ላይ ሳይሆን ከንፈር ዙሪያ ነው የሚያርፈው። በዚህ ዕድሜ እንደ ጀማሪ መማር እንደሚያስፈልገው፣ አበሉም እንደሚቀንስ አልደበቁትም። ጋሽ ማርሽ ሚስቴን ላማክር አላቸው።

ማታ ሲነግራት ትንሽ ግራ ገባት። «ቱባ ስትለኝ እኮ ክር ልትሸጥ መስሎኝ» አለችው። ጋሽ ማርሽ ሳቀ፤ የተገጠመው ጥርስ ወልቆ ጭኑ ላይ ወደቀ፤ እሱን ሲያዩ ደግሞ ሁለቱም ይበልጥ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ እሷም ተወችው።

ትራምፔቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነውና እስኪያብረቀርቅ ወልውሎ ለዕቃ ክፍሉ አስረከበው። በሱ ቦታ የተተካው ሁለተኛ ትራምፔት ነፊ የነበረው ሰው ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ እስኪለመን ድረስ ቆሞ ነበር የሚጫወተው።

የሆቴሉን ማጠቢያ እትዬ ሳሙና አላገኘችውም። እሷ ሆስፒታል ስትመላለስ ኃላፊው ለሌላ ሰው ሸጦታል፤ ቃል ቢገባም መጠበቅ አልቻለም። አነስ ያለ አሮጌ ማሽን ገዝታ በፊት ክፍሏ ሥራ ጀመረች። ትላልቅ አንሶላ አይችልም፤ የሰፈሩን ሸሚዝና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ታጥብበታለች። የሆቴሉን ሥራም ለጊዜው አልለቀቀችም። ጋሽ ማርሽ ከልምምድ መልስ የታጠበውን ያሰጣል፤ ቱባውን ቤት አምጥቶ ሲነፋው ጎረቤቶች መጀመሪያ አካባቢ መርከብ የመጣ መስሏቸው ነበር።

ከቱባው ጋር መጀመሪያ ከቤት ውጭ የተሰለፈው በአንድ የቀድሞ ከንቲባ ቀብር ላይ ነው። እትዬ ሳሙና ፈቃድ ጠይቃ መጣች። እንደ ልማዷ ከፊት ፈለገችው፤ አጣችው። ሰው እየገፋች ዞራ ስትሄድ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ያን ሁሉ ናስ እንደ ሕፃን ታቅፎ አየችው። የሚነፋው ረጃጅም፣ ዝግ ያሉ ድምፆች ናቸው፤ ማንም ለይቶ «የኛ ሰፈሩ ነው» የሚላቸው ዓይነት አይደሉም።

ከፊት ያቺ የቀብር ዜማ ተነሳች። ሌላው ሰው ነፋት፤ ከፍተኛዋ ድምፅ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ጋሽ ማርሽ ከሥሯ ሆኖ እያለቀሰ ያዛት። እንባው ከንፈሩ ድረስ ወርዶ መንፊያው ውስጥ ሲገባ ሻለቃ አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ሲመለሱ የቱባው ሣጥን ከብዶት በየምሰሶው ሥር ያርፍ ነበር። እትዬ ሳሙና አንዱን እጀታ ያዘችለት።

«አመመህ?» አለችው።

«የለም» አለ። ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ቆም አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስነፋት ኖሬ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ለካ እንዲህ ናት።»

እሷም እጀታውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረችና መንገዳቸውን ቀጠሉ።